መስታወት የሚቀልጠው በስንት ዲግሪ ነው?

ጥያቄ፦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሸክላ ምድጃ አለኝ። የወይን ጠርሙስ አስተኝቼ ዝርግ ሳህን ላደርገው ሞከርኩ። 650 ላይ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውን 850 ባደርሰው እንደ ሊጥ ተዘርግቶ ከመደርደሪያው ጋር ተጣበቀ። ሦስተኛው አምሮ ነበር፤ ጠዋት ሳየው ግን ለሁለት ተሰንጥቋል። ትክክለኛው ዲግሪ ስንት ነው?

መልስ፦ እንደዚህ ያለ ቁጥር የለም። በረዶ 0 ላይ፣ እርሳስ 327 ላይ ይቀልጣል። ቅንጣቶቻቸው በሰልፍ ስለተደረደሩ ሰልፉ ሲፈርስ በአንዴ ነው። መስታወት ሰልፍ የለውም። ፈሳሽ ሳለ እንደተዘበራረቀ ደርቆ የቀረ ነው። ሲሞቅ አንዱ ትስስር ቀድሞ ይላላል፣ ሌላው ይቆያል።

ተራ የጠርሙስ መስታወት 550 አካባቢ መላላት ይጀምራል፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም። 720 አካባቢ የራሱ ክብደት ያጎብጠዋል። 1000 ሲያልፍ ከማር የወፈረ፣ በብረት ቱቦ ጫፍ የሚጠቀለል ነገር ይሆናል። ከ550 እስከዚያ ድረስ «አልፈስም» ባይነቱ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይቀንሳል! ስለዚህ ሰዓቱም እንደ ሙቀቱ ይቆጠራል። 740 ላይ ረዘም አድርጎ ማቆየትና 790 ላይ ለአጭር ጊዜ ማቆየት ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። እኔ ዝቅ ያለውን እመርጣለሁ፤ ለመቆጣጠር ይመቻል። መከላከያ መነጽር አድርገው በምድጃው መመልከቻ ቀዳዳ ይዩት፤ የጠርሙሱ ሆድ ገብቶ ሲተኛ ይበቃዋል። መደርደሪያውን ደግሞ ቀድመው ካኦሊን (ሙቀት የሚችል ነጭ የሸክላ አፈር) ይቀቡት፣ ያኔ አይጣበቅም።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ጠርዙን ቀስ ብለው በጓንት ይዳስሱት። ድቡልቡል ካለ የተሰነጠቀው ሲሞቅ ነው፤ ቶሎ አሙቀውታል፣ ከዚያ እሳቱ ጠርዙን አለሰለሰው። እንደ ምላጭ ስለት ካለው ሲቀዘቅዝ ነው። «አምሮ ነበር» ስላሉኝ ሲቀዘቅዝ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ ገና ሲኮማተር እርስ በርስ ይጓተታሉ። መድኃኒቱ 550 ላይ አንድ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ እስከ 400 በሰዓት 50 ዲግሪ ያህል ማውረድ ነው። ከዚያ በኋላ ምድጃውን ያጥፉና እጅ እስኪችለው ድረስ አይክፈቱት። እኔም ስጀምር ለማየት ቸኩዬ ስንቱን ሳህን ሰብሬያለሁ።

ደግሞ የተለያየ ፋብሪካ ጠርሙስ ሰባብረው አንድ ላይ አያቅልጡ። መኮማተራቸው ካልተመሳሰለ ከሳምንት በኋላም መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።