ሞርፊኑን በሰዓቱ ስጪያቸው

እህቴ፣ እናትሽ የጡት ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶባቸው፣ የሞርፊን ሽሮፕ 5 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ታዞላቸው፣ አንቺ ግን «ሱስ ይሆንባቸዋል» ስላሉሽ ሲብስባቸው ብቻ እንደምትሰጪ ጽፈሻል። ሌሊቱን ሲያቃስቱ የሚያድሩት በዚህ ነው። ሽሮፑ የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ ሕመሙ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4 ሰዓት ስጪ። ሐኪሙ ከፈቀደ የማታ 4ቱን እጥፍ አድርጊው፣ እስከ ንጋት ያስተኛቸዋል። በመሃል ካመማቸው ያንኑ መጠን ጨምሪላቸው፤ ቀጣዩን ሰዓት ግን እንዳትዘይው። ጭማሪውን ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊ። በቀን ከ2 ወይም 3 ከበለጠ ሐኪሙ ያንን አይቶ መጠኑን ያሳድጋል፤ በራስሽ ግን አታሳድጊ።

በሻይ ማንኪያ አትለኪ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል። ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉን አንብቢ፦ 5 ሚሊግራም ከአንዱ 5 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ከሌላው 2 ተኩል ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀት ጠርሙሱን መስኮት ላይ አታኑሪ።

የሱሱን ነገር እርሺው፤ ለሕመም በልኩ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ አይባልም። ሰውነት ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቋረጥም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ቢያንቀላፉ አትደንግጪ፣ ያጡትንም እንቅልፍ እየተኙ ነው። ቀስቅሰሻቸው ካልነቁ፣ አተነፋፈሳቸው በጣም ከዘገየ፣ ወይም እጅና እግራቸው ብርግግ ካለ ቀጣዩን ሳትሰጪ ወዲያው ሐኪም ጋ ደውዪ። ሽንት ካነሰ መድኃኒቱ ሊጠራቀም ስለሚችል ይህንንም ንገሪው።

የሆድ ድርቀቱ ግን ከሞርፊኑ ጋር አብሮ ይቆያል፤ ማታ ማታ የሚወሰድ ቢሳኮዲል የሚባል የድርቀት መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዝላቸው። ፓፓያ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ድርቀቱንም እንቅልፍ ማጣቱንም ያብስባቸዋል።

ለአጥንቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሊያስታግስ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቂ። ድንገት እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት እንቢ ካላቸው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ ካንሰሩ የአከርካሪ ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል፣ ማደር የለበትም።

ከማጠብሽ ወይም ከማገላበጥሽ 30 ደቂቃ በፊት ሰዓቱ የደረሰውን ስጪ። መናገር ሲያቅታቸው ግንባራቸውን እዪ፤ ስታገላብጫቸው ከተኮሳተረና የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ከያዙ አሟቸዋል ማለት ነው። መዋጥ ሲያቅታቸው «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብለሽ አታቋርጪ፤ ራሳቸውን ቀና አድርገሽ በጉንጫቸው በኩል ጥቂት በጥቂት አንጠባጥቢላቸው።