ጥያቄና መልስ፦ የደከሙ አረጋዊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመጾም ግዴታ አለባቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን 74 ዓመት የሆናቸው እናቴ ከእኔ ጋር ናቸው። አጽዋማትን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያም ትንሽ እንጀራ በሽሮ ቀምሰው ይተዋሉ። ከአምና ወዲህ ልብሳቸው እየሰፋቸው ሄዷል፤ ከወንበር ሲነሡ ግድግዳ ይደገፋሉ፤ በቅርቡም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወድቀዋል። ጾሙን ቀነስ ያድርጉ ስላቸው «ልታስኮንኚኝ ነው?» ይሉኛል። ሳልነግራቸው ወጡ ውስጥ ወተት ወይም እንቁላል ብጨምርበት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በስውር ምንም አይጨምሩባቸው። ሐሳብዎ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ ጾም በፈቃድ የሚቀርብ መሥዋዕት ስለሆነ የሌላውን ሰው ጾም ሳያውቀው ማስፈታት አይገባም፤ ደግሞም እናትዎ ነገሩን የደረሱበት ዕለት ከእጅዎ መብላቱንም ሊተዉ ይችላሉ።

በስውር ማድረግም አያስፈልግም፤ ሥርዓቱ ራሱ ደካማን አልረሳምና። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን እንድንጾም ሲያዝ ሕመምተኛን ለይቶታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው ሕመሙ ውኃ ብቻ ከመጠጣት ተቆጥቦ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ይሁን እንጂ ምን ያህል ይላላ የሚለውን የሚወስኑት የንስሐ አባታቸው ናቸው እንጂ እርስዎም እኔም አይደለንም።

የንስሐ አባታቸውን ሲያነጋግሩ ግን አስቀድመው የሰዓቱን ጉዳይ እንዲያነሡ እመክራለሁ። ብዙዎቻችን ለደካማ ሰው ጾም ይላላ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ሥጋና ወተት ነው፤ እናትዎን ይበልጥ የሚጎዳቸው ግን የቀኑ ምግብ ሁሉ በአንድ ማዕድ መወሰኑ ይመስለኛል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች አረጋውያን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ይመክራሉ። ይህም 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። በዕድሜ ምክንያት የምግብ ፍላጎታቸው የቀነሰ ሰው ይህን ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ሊበሉ አይችሉም፤ የጎደለውንም ሰውነታቸው ከጡንቻው እያፈረሰ ይተካዋል። ሰዓቱ ከተፈቀደላቸው ግን ያንኑ የጾም ምግብ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከፋፍለው መብላት ይችላሉ፤ ከጥሉላትም እንደተከለከሉ ይቆያሉ።

የጾም ምግብ በራሱ ደካማ አይደለም፤ 100 ግራም ያልበሰለ ምስር ብቻውን ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ችግሩ አቀራረባችን ላይ ነው። ለአረጋዊ የምናቀርበው ሽሮ ውኃው በዝቶ ዱቄቱ የቀጠነ ነው፤ «ለሆድ ይቀላል» ብለን የምንሰጠው አጥሚትም ሆድ ይሞላል እንጂ ለጡንቻ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በአካባቢያችን የሚወደደው ቆጮም ኃይል ሰጪ እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን ማዕድ ሊሆን አይገባም፤ ቦሎቄ ወይም ምስር ይጨመርበት። ጥርሳቸው ካስቸገራቸው ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው እልበት ለስላሳ ነው። ሽሮውን ወፍራም አድርገው ዘይት ይጨምሩበት፤ ለውዝና ሰሊጥም ተፈጭተው ይቅረቡላቸው።

ሐኪም ቤት መውሰዱን ግን አያዘግዩ። ሳያስቡት በአንድ ዓመት ውስጥ 4.5 ኪሎና ከዚያ በላይ መቀነስ፣ የእጅ አቅም መድከም፣ የእርምጃ መዘግየትና ቶሎ መዛል ሐኪሞች የእርጅናን አቅም ማጣት የሚለዩባቸው ምልክቶች ናቸው፤ ከበስተጀርባቸውም ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው ከዕፀዋት ስለማይገኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በብዛት ለሚጾሙ እናት ይህን ማስመርመር ተገቢ ነው። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው የፕሮቲኑን መጠን ሐኪሙ ይወስን። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ለሕይወታቸው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የፍስኩን ቀን ደግሞ እንደ ጾም ቀን የሚያሳልፉ እናቶች አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚህ ጊዜያት ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የሚመጣው ዓሣ አጥንቱ በሚገባ ተለቅሞ፣ እንቁላልና ወተትም ተጨምሮ ይቅረብላቸው።

ምግቡም ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻን አይመልስም። ወድቀው ስለነበር ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ስግደቱ ይቆይ፤ ከፈቀደላቸው በኋላ ግን ሰው አጠገባቸው ሆኖ ከወንበር ደጋግመው ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ተደግፈው ይሂዱ እንጂ ቤት አይዋሉ።

«ልታስኮንኚኝ ነው?» ለሚለው ቃላቸው እርስዎ መልስ ለመስጠት አይድከሙ። የሐኪሙን ውጤት ይዘው የንስሐ አባታቸውን ወደ ቤት ይጥሩ፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ፈቃዱን እናትዎ በጆሯቸው ከአባታቸው ይስሙት።