ኢንሱሊን እየወጋሁ ጠበል መጠመቄ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ዓመት ጠበል ገብቼ ነበር። አብረውኝ የነበሩ ተጠማቂዎች «መድኃኒት እየወጋሽ ጠበሉ አይሠራልሽም፤ አንዱን ምረጪ» አሉኝ። መድኃኒቱን አቋረጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ራሴን ስቼ ሐኪም ቤት ተወሰድኩ። አሁን ተመልሼ እየወጋሁ ነው፤ ልቤ ግን አላረፈም። ያልዳንኩት እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ዐቢይ ጾም ሲመጣስ ምን ላድርግ? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እንኳን በሕይወት አቆየሽ። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ኢንሱሊንሽን እንዳታቋርጪ። ጠበል ስትገቢም፣ በጾምም፣ በበዓልም። ሰውነትሽ ያለ እርሱ ስኳሩን ሊጠቀምበት አይችልም። ሲቋረጥ ደምሽ በአሲድ ይመረዛል፤ ያኔ ጉዳዩ የሰዓታት ነው።

«አንዱን ምረጪ» ያሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ግን ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ለሞት ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔርም እንደሚፈውሰው፣ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት እንደሚጨምርለት በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ነገረው። ከዚያስ? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ልብ በዪ፤ መድኃኒቱ የታዘዘው የመዳን ተስፋው ከተነገረ በኋላ ነው። ነቢዩ መድኃኒት ማዘዙ ተስፋውን መጠራጠር አልሆነበትም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይለናል።

በእኛም ዘመን ይህ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ለጠበል ብለው የተዉ ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። ለስኳርም ከዚህ የተለየ መልስ የለንም።

«እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» ያልሽው ግን ከሁሉ በላይ ከንክኖኛል። ሕመሙ አንሶ ይህን ሸክም ደግሞ በአንቺ ላይ የጫኑብሽ ሰዎች ነገር ያሳዝነኛል። ቅዱስ ጳውሎስን እይው። ሰውነቱን የነካ ጨርቅ ድውይ ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ ነው። እርሱ ራሱ ግን «የሥጋ መውጊያ» ያለው ነገር እንዲለየው ሦስት ጊዜ ለመነ። የመጣለት መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። ልጁን ጢሞቴዎስን ደግሞ ደጋግሞ ለሚነሣበት ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው። ባልደረባውን ጥሮፊሞስን «ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ብሎ ጽፏል። ታዲያ የማን እምነት ነው የጎደለው? የጳውሎስ? የጢሞቴዎስ? ማንም እንዲህ ለማለት አይደፍርም። በአንቺ ላይ ግን ደፈሩ።

ስለዚህ ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ጠጪም። እድናለሁ ብለሽም ለምኚ፤ ተስፋ ቁረጪ አላልኩሽም። ስትሄጂ መድኃኒትሽን ይዘሽ ሂጂ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቦታ ኢንሱሊኑን ውኃ እንዳይገባበት አድርገሽ፣ በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ አያያዙን ሐኪምሽ ያሳይሽ። እግርሽንም ጠብቂ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ድንጋይ ወግቶሽ ላታውቂው ትችያለሽ። ማታ ማታ ውስጥ እግርሽን ተመልከቺ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ካልሲ ማድረግሽን የሚነቅፍ ካለ እኔ እንደፈቀድኩልሽ ንገሪው።

ስለ ጾሙ፦ የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝዝ በሕመም የደከመውን ለይቶ ያወጣዋል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ለድውይ ይራራል። ያንቺ ችግር ያለው ሰዓት መጾሙ ላይ ነው። ኢንሱሊን ወግተሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ መቆየት አደጋ ነው። ከጥሉላት መከልከል ግን ለብዙ የስኳር ሕመምተኞች ይቻላል። 55ቱን ቀን ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ትተሽ፣ ምግብሽን ግን በሰዓትሽ መብላት ትችያለሽ። ብቻ የጾም ምግብ ሁሉ ይስማማኛል ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ዳቦው፣ ፓስታው፣ ድንቹ ስኳርሽን ከፍ ያደርጉታል። ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጎመኑ ጋር መጥነሽ ብዪ። ሐኪምሽ እንቁላል ወይም ወተት ያስፈልጋታል ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪና በፈቃዳቸው ውሰጂ። ይህ ጾም መሻር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በነጠላሽ ጫፍ ስኳር ወይም ከረሜላ ቋጥረሽ ያዢ። ቅዳሴ ላይ ቆመሽ ላብ ካጠመቀሽ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ስኳርሽ ወርዶ ሊሆን ይችላልና እዚያው ቁጭ በይና ቅመሺው። የሰው ዓይን አያሳፍርሽ።

ቁርባንን በተመለከተ፣ ሕመምሽ ከሥጋ ወደሙ አይከለክልሽም። ችግሩ 18 ሰዓት ከምግብ መቆየቱ ነው። በዚህ ላይ ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ ልሰጥሽ አልችልም፤ የአንዱ ስኳር ከሌላው ይለያል። ሐኪምሽን ስንት ሰዓት ሳትበዪ መቆየት እንደምትችዪ፣ በዚያ ቀን የኢንሱሊኑ መጠን ምን መሆን እንዳለበት ጠይቂ። የነገረሽን ይዘሽ ለንስሐ አባትሽ አንድም ሳትደብቂ አስረጂ። በጾም የአዘቦት ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ላንቺ ይከብዳል። ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ስለሚቀደስ ከእነዚህ በአንዱ ቀን እንዲያቆርቡሽ ለምኛቸው። ሕመምተኛ በተጸለየበት ዘይት የሚቀባበትን ምሥጢረ ቀንዲልንም ጠይቂያቸው። ብዙዎቻችን ለሚሞት ሰው ብቻ ይመስለናል፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ቀሳውስትን ጠርቶ በዘይት ይቀቡት ያለው ግን ለታመመ ሰው ሁሉ ነው።