9 ሺህ ብር የውሃ ቢል ለመጣባት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ቤትሽ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በወር ሦስት አራት መቶ ብር ስትከፍሉ ኖራችሁ፣ አሁን በአንዴ ከ9,000 ብር በላይ መጣባችሁ። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ቢሮ ስትሄጂ «ቆጣሪው ያነበበው ነው» ብለው መለሱሽ። ልክፈል ወይስ ልከራከር ነው የምትይው። ተከራከሪ። ግን ምኑን እንደምትከራከሪ ቀድመሽ እወቂ።

እኔ የምኖረው ፒያሳ ነው። ካንቺ የማይሻል ቢል መጥቶብኝ ያውቃል። መስኮቱ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ ከፊቴም ከኋላዬም ያለው ሰው ሁሉ «እኛ እኮ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፣ እንዴት ይሄን ያህል ይመጣል?» ነበር የሚለው። ሠራተኛዋ ይህንን ከጠዋት ጀምሮ ስትሰማው ውላለች። ምን ታድርግ? ብሩን እሷ አልተመነችውም። የምታርመው ነገር ካለ ንባቡን ነው። ስለዚህ ብሩን ለጊዜው ተዪውና ንባቡን ያዢ።

ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ አለ። የሁለቱ ልዩነት ፍጆታሽ ነው፣ በሜትር ኪዩብ። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስትቆጥሪው 50 ጀሪካን። ቢሉ 60 ሜትር ኪዩብ ካለሽ በወር 3,000 ጀሪካን፣ በቀን 100 ጀሪካን ተጠቀምሽ ማለቱ ነው። ይህን ስታሰሊው ነገሩ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ሂጂ። የኛ ቆጣሪ ሳጥን ክዳኑ ሲነሳ ግማሹ አፈር ነበር፤ መስታወቱም ከውስጥ ላብ ይዞታል። በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርጊውና ጥቁሮቹን አሃዞች ብቻ አንብቢ። ሙሉ ሜትር ኪዩብ እነሱ ናቸው። ቀዮቹ ክፍልፋይ ናቸው፤ ቆጣሪ አንባቢው አይጽፋቸውም። የቆጣሪውን ቁጥርና አሃዞቹን አንድ ላይ ፎቶ አንሺ። ዛሬ ቆጣሪው ላይ የምታዪው ቢሉ «የአሁኑ ንባብ» ካለው ካነሰ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ አንባቢው ተሳስቷል ወይም የሌላ ሰው ንባብ ወዳንቺ ገብቷል። በትክክል የተገጠመ ቆጣሪ እንደ ልማዱ ወደኋላ አይቆጥርም። የቆጣሪውን ቁጥርም ቢሮ ካለው መዝገብ ጋር ማመሳከር አትርሺ። መሀል ከተማ ላይ ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መስመሩ የዞረለትና ቆጣሪው የተነሳበት ቤት ብዙ ነው። ቆጣሪ ተቀይሮልሽ ከሆነ አሮጌው ስንት ላይ እንደቆመ፣ አዲሱ ከስንት እንደጀመረ በወረቀት ጠይቂ።

ንባቡ ልክ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔ ቤቱን ፈትሺ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ፣ ወደ ሮቶ የሚገባውንም ዝጊ፣ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን ተመልከቺ። ዝግ ብላ እንኳ የምትዞር ከሆነ ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ለዚህ ሙከራ ውሃ በመስመሩ ላይ መኖር አለበት፤ በፈረቃ ቀንሽ አድርጊው።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽንት ቤቱን ነው። የፍላሹ ታንከር ውስጥ አንድ ሲኒ የጀበና ቡና ገልብጪበትና ግማሽ ሰዓት ሳትነኪው ቆዪ። ታች መቀመጫው ላይ ቡኒ ከታየ ያፈሳል። ድምፅ የለውም፣ ወለል አያረጥብም፣ ማንም አያየውም። በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢያፈስ በወር ከ40 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ሮቶው። ውሃ ሌሊት የሚለቀቅበት ቀን አለ። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ ከተበላሸ ውሃው ሞልቶ በጣራው አሸንዳ ሲወርድ ያድራል፣ ጠዋት ስትነሺ ፈረቃው አልቋል፣ ሁሉም ደርቋል። ጎረቤቴ ይህንን ያወቁት የሌሊት ጥበቃው «ጋሽዬ፣ ትናንት ዝናብ ነበር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ነው። አሮጌ ግቢ ከሆነ ደግሞ መሬት ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ፍሳሽ ያንቺ ዕዳ ነው፣ መራራ ቢሆንም። ከቆጣሪው በፊት ያለው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ መንገድ ላይ ከሆነ 906 ደውይ።

ፍሳሽ ከሌለ የቀረው የተጠራቀመ ንባብ ነው። የኔም ይሄ ነበር፣ ያንቺም እንደሚሆን እገምታለሁ። በራችሁ በቀን ዝግ ነው አይደል? አንባቢው መጥቶ ሰው ሲያጣ ወሩን በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ሲያንስ ማንም አይናገርም፤ ማን «አሳነሳችሁብኝ» ብሎ ይሄዳል? ቀሪው ግን ቆጣሪው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንበል በወር የምትጠቀሚው 10 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ግን ለስድስት ወር 4 እየተባለ ሲሞላልሽ ቆየ። አንድ ቀን ትክክለኛው ሲነበብ የቀረው 36 ከወሩ 10 ጋር ተደምሮ 46 ሆኖ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። የአዲስ አበባ የውሃ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ትንሽ ለሚጠቀም ሜትር ኪዩቡ ርካሽ ነው፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። 46ቱ በአንድ ወር ሲታሰብ ትልቁ ክፍል ውድ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ውሃውን ተጠቅመሻል፣ እሱን መካድ አይቻልም። ግን በስድስትና በሰባት ወር የተጠቀምሽውን በአንድ ወር እንደጨረሽው ተደርጎ መክፈል የለብሽም። የኔ ጥያቄ ይህቺው ብቻ ነበረች፦ ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ ይታሰብልኝ። ሲሰላ ከግማሽ በላይ ወረደልኝ። ቢሉ ጠፋ አላልኩም፣ ወረደ።

ይህን ለማረጋገጥ ያለፉትን ወራት ቢሎች ወይም የክፍያ ታሪክሽን አውጪ። በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ከከፈልሽ ቀኑና ብሩ እዚያው አለ፤ ንባቡን ግን ከቢሮው አስወጪ። ተከታታይ ወራት ላይ ፍጆታው አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ፣ 4፣ 4፣ 4 እየተባለ፣ ማንም ቆጣሪ አላየም። እውነተኛ ቤት በየወሩ ከፍ ዝቅ ይላል።

ቆጣሪው ራሱ አብዷል ማለት ሁላችንም ይቀናናል። እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙ አላምንበትም። ያረጀ ቆጣሪ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል፣ አይፈጥንም። ከፈረቃ በኋላ ውሃው ሲመጣ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ተገፍቶ ቆጣሪውን ያዞራል የሚሉት እውነት ነው፤ ግን እሱ ብቻውን 9,000 ብር ያመጣል ብዬ አላስብም። ጥርጣሬሽ ካልወጣ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙዪና ቆጣሪው በቀዮቹ አሃዞች 100 ሊትር ቆጠረ ወይ ብለሽ እዪ። እስከ አፉ አትሙዪው፤ ጢም ሲል ከ20 ያልፋል። ብዙ ከዘለለ ቆጣሪው እንዲፈተሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

በጽሑፍ ስል አደራ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይብቃው፦ ስም፣ የውል ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ ሁለቱ ንባቦች፣ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ያለው፣ የምትጠይቂው ነገር። ስለ ኑሮ ውድነት አትጻፊበት፣ እነሱም እዚሁ ነው የሚኖሩት። በሁለት ቅጂ አድርጊውና መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊው፤ ያንቺ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍልሽ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» ሲሉሽ ያ ቁጥር ነው የሚያስከብርሽ። ካልመለሱልሽ የቅርንጫፉ ቅሬታ ሰሚ ጋ ሂጂ፣ ከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት። እሱም ካልሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ ግን እስከዚያ ለመድረስ እነዚያ ወረቀቶች በእጅሽ መሆን አለባቸው።

ክፍያውን በተመለከተ ዝም አትበይ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለቢል አይሠራም፤ ካልተከፈለ ውሃው ይቆረጣል። ማመልከቻው ላይ «ውሳኔ እስኪሰጥ እንዳይቆረጥብኝ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። ዕዳው ልክ ነው ከተባለ ደግሞ ክፍያው እንዲከፋፈልልሽ ጠይቂ፤ ለኔ ጎረቤት ተፈቅዶላቸዋል። ተከራይ ካለሽ ምንም ሳይጣራ 9,000ውን ለሦስት አካፍለሽ አትጫኚባቸው፤ ቢሉ ሲወርድ መመለሱ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ቢሉ ላይ ያሉትን ሁለት ንባቦችና ዛሬ ቆጣሪው ላይ ያለውን እዚህ ጻፊልን፣ አብረን እናስላው። ፎቶ ከለጠፍሽ የውል ቁጥርሽንና ስምሽን ሸፍኚ።