«ልጁ ከየት መጣ?» በትምህርት ቤት አካባቢ ወደ ግራ ስለመታጠፍ ለላካችሁልን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ አራቱ ስለ ግራ መታጠፊያ ናቸው፤ አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ ሰብስቤያቸዋለሁ። መልሱ መንገዱን በቀኝ በኩል ይዞ ለሚነዳ ሰው ነው። በግራ በኩል በሚነዳበት አገር ያላችሁ፣ «ግራ» ያልኩትን «ቀኝ» እያላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ለማድረስ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ ጋ ስደርስ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። ከፊት የሚመጣው መኪና ማለቂያ የለውም። ከኋላ ክላክስ፣ ከውስጥ «ማሚ ረፈደብን!» ባለፈው ክፍተት አገኘሁና ገባሁ። አንድ ተማሪ ዜብራው ላይ ፊቴ ድቅን አለ። ፍሬን ያዝኩ፣ ተረፍን። ግን እኮ በደንብ አይቼ ነበር! ልጁ ከየት መጣ? — የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ልጁ ግን ከየትም አልመጣም፣ እዚያው ነበር።

እስኪ ያን ጠዋት ዓይንሽ የት እንደነበር አስታውሺ። ከፊት የሚመጡት መኪኖች ላይ ነው አይደል? ይሄኛው ይለፍ፣ ያኛው ይለፍ ስትዪ ቆይተሽ፣ ክፍተቷ ስትመጣ እንዳታመልጥሽ ብለሽ ነዳጅ ሰጠሽ፤ የምትገቢበትን መንገድ ያየሽው መሪውን ካዞርሽ በኋላ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አደጋው ከፊት የሚመጣ ይመስለናል፣ እግረኛው ያለው ግን የምንገባበት መንገድ አፍ ላይ፣ ዜብራው ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የመኪናሽ ብረት ነው። የፊት መስታወቱን ከበሩ መስኮት የሚለየው በግራሽ ያለው ቋሚ ብረት። ሲያዩት ቀጭን ነው፤ ለዓይንሽ ቅርብ ስለሆነ ግን 10 ሜትር ላይ ያለን ልጅ ከነቦርሳው ሊሰውረው ይችላል። የሚገርመው ደግሞ አንቺ ስትዞሪ ብረቱም አብሮሽ ይዞራል፣ ልጁም ይራመዳል፣ እርምጃችሁ ከገጠመ ልጁ ዜብራውን እስኪያጋምስ ድረስ ከብረቱ ጀርባ አይወጣም። «ድንገት ፊቴ ድቅን አለ» ያልሽው ለዚህ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ወንበርሽ ላይ ወደ መሪው ጎንበስ ብለሽ እይ፣ ወደ ኋላ ተመለሽና እንደገና እይ። ጭንቅላትሽ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ብረቱ የጋረደው ቦታ ይከፈታል። ሰው ሲያይሽ ዳንስ የጀመርሽ ይመስለዋል፣ ግድ የለም።

ስታዪ ደግሞ ቅደም ተከተል ይኑርሽ። መጀመሪያ ዜብራውንና ሁለቱን የእግረኛ መንገድ ጠርዞች፣ ከዚያ ከፊት የሚመጣውን፣ ከዚያ እግርሽን ከፍሬን ከማንሳትሽ በፊት እንደገና ዜብራውን። ዜብራውን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዪ ሰው ካለ ክፍተቷን ተያት፣ ትሂድ። ምክንያቱም ገብተሽ መሀል ላይ ብታቆሚ ፊትሽ ልጅ፣ ጎንሽ ላይ የሚመጣ መኪና ይሆናል፣ ወዴትም አትንቀሳቀሺም። ክፍተቷም እኮ ከምታስቢው በላይ ሰፊ መሆን አለባት። ከቆምሽበት ተነስተሽ ታጥፈሽ እስክትወጪ 4 ወይም 5 ሰከንድ ይወስዳል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በ5 ሰከንድ 70 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

አንድ ልጅ ከተሻገረ ደግሞ ሌላ ይከተላል ብለሽ ጠብቂ። ልጆች ጓደኛቸውን ተከትለው ነው የሚሮጡት፣ መኪና አይተው አይደለም። ቢያዩም ፍጥነት መገመት ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የለንደኑ የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልጆች በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ወደ እነሱ የሚመጣን መኪና እየቀረበ መሆኑን ላይለዩ ይችላሉ። ዓይናቸው ገና እየተማረ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «አይቶኛል፣ ይቆማል» የሚለው ስሌት ለአዋቂ እንጂ ለልጅ አይሠራም።

ክላክሱስ? ከኋላሽ ያለው ሰው የሚያየው የመኪናሽን ኋላ ብቻ ነው። ዜብራውን አያይም። ያንባርቅ።

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። አስተማሪዬ «ወደ ግራ ለመታጠፍ ስትጠብቂ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ቁሚ» ይለኝ ነበር። ወንድሜ ደግሞ «አስቀድመሽ አዙሪው፣ ቶሎ ትወጫለሽ» ይለኛል። ማንን ልስማ? — ጀማሪዋ

መልስ፦ አስተማሪሽን። ጎማሽ ወደ ግራ ዞሮ ቆመሽ ከኋላ የሚገጭሽ ቢመጣ፣ መኪናሽ የሚገፋው ጎማው ወዳየበት ነው፤ እሱም ከፊት የሚመጣው መኪና ፊት ወይም ዜብራው ላይ ነው። ጎማው ቀጥ ካለ ግን ወደፊት፣ በራስሽ ረድፍ ትገፊያለሽ። ጉዳት የለውም አልልም፣ ግን ማንም ላይ አትወጪም። ፍሬቻሽንም መታጠፊያው ጋ ከደረስሽ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብለሽ፣ ፍሬን ከመያዝሽ በፊት አብሪው፤ ከኋላ ያለው እንዲያውቅ። ቆመሽም እግርሽ ፍሬኑ ላይ ይሁን፣ የኋላ መብራትሽ ይበራል።

ለወንድምሽ ሰላምታ በይልኝ፣ እሱ የሚለው ትርፍ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ። ሁለት ነገር ይምታታብኛል። አንደኛ፣ ከፊት ያለው ሹፌር ቆሞ በእጁ «ግባ፣ ግባ» ሲለኝ ልግባ ወይስ አልግባ? ሁለተኛ፣ አረንጓዴ በርቶልኝ ስታጠፍ ልጆች ዜብራው ላይ ይገባሉ። ጥፋቱ የማን ነው? — አያት

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ክብ አረንጓዴ መብራት ለእርስዎ ሲበራ፣ በብዙ መስቀለኛ መንገዶች ላይ እርስዎ የሚገቡበትን መንገድ ለሚሻገሩት እግረኞችም በዚያው ሰዓት ይበራል። ሁለታችሁም አረንጓዴ አላችሁ፣ ቅድሚያው ግን የእነሱ ነው። ከፊት ቀጥ ብሎ ለሚመጣውም ቅድሚያ መስጠት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ወደ ግራ የሚያመለክት አረንጓዴ ቀስት ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ መንገዱ ለእርስዎ ተለቋል ማለት ነው፤ ያኔም ቢሆን ዜብራውን ሳያዩ አይግቡ፣ ልጅ ቀስት አያነብም።

«ግባ፣ ግባ» የሚለው ሰውዬ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ችግሩ የሰጠዎት የራሱን ረድፍ ብቻ መሆኑ ነው። መንገዱ ወደ እርስዎ የሚመጣ ሁለት ረድፍ ካለው፣ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መኪና እርስዎንም አያይም፣ እርስዎም እሱን አያዩትም፣ ምክንያቱም ጨዋው ሰውዬ መሀል ቆሞ ጋርዷችኋል። ሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። እሱ ራሱም የቆመው ለእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት አካባቢ መኪና ያለ ምክንያት ከቆመ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሚሻገር ልጅ አለ። ስለዚህ በእጅዎ አመስግነው ባሉበት ይቆዩ። መግባት ከፈለጉም ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሁለተኛውን ረድፍ በዓይንዎ እስኪያዩት ድረስ በእግር እርምጃ ፍጥነት ይሁን። ተማሪ የጫነ አውቶቡስ ቆሞ ካገኙማ አይሞክሩት፤ ከአውቶቡስ ፊት ሮጦ የሚወጣን ልጅ ማንም ቀድሞ አያየውም።

ጥያቄ፦ እኔ ግራ መታጠፉ ስለሚያስጨንቀኝ ቀጥ ብዬ አልፌ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፌ በሌላ በኩል እደርሳለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ «ከተማ ታስጎበኛቸዋለች» ይላል። ፈሪ ነኝ እንዴ? — ዞሪቷ

መልስ፦ ኧረ ምን ፈሪ! ዩፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ለሹፌሮቹ መንገድ ሲያወጣ በተቻለ መጠን ወደ ግራ መታጠፍን እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ቆሞ መጠበቁ ጊዜና ነዳጅ ይበላል፣ አደጋም አለው። የኒውዮርክ ከተማ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ወደ ግራ የሚታጠፉ መኪኖች በእግረኞችና በብስክሌተኞች ላይ የሚያደርሱት ሞትና ከባድ ጉዳት ወደ ቀኝ ከሚታጠፉት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ መታጠፊያዎች ላይ፣ በመሀል መስመሩ፣ የጎማ ጉብታና የሚተጣጠፍ ቋሚ መትከል ጀመረች። ሹፌሩ ጥጉን ቆርጦ፣ በሰያፍ፣ በፍጥነት እንዳይገባ ነው። ግራ መታጠፍ የግድ ሲሆንብሽ አንቺም እንደዚያ አድርጊ፤ ጉብታ ያለ ይመስል ትንሽ ወደፊት ገፋ ብለሽ በዘጠና ዲግሪ ታጠፊ። ፍጥነትሽ በራሱ ይቀንሳል፣ ዜብራውም ፊት ለፊትሽ ይሆናል፣ ከብረቱ ጀርባ አይደበቅም።

ዙሪያውን መሄድሽ ሌላም ጥቅም አለው። የትምህርት ቤቱ በር በቀኝሽ እንዲሆን አድርገሽ ከዞርሽ፣ ልጆቹ በቀኝ በር በቀጥታ የእግረኛ መንገዱ ላይ ይወርዳሉ፣ መንገድ የሚያሻግራቸው አያስፈልግም። በሩ ፊት ለፊት የግድ መድረስም የለብሽም። ትንሽ ራቅ ብለሽ ብታወርጃቸውና ቢሄዱ ምንም አይሆኑም፣ በሩ ላይ ያለው ግርግርም በአንድ መኪና ይቀንሳል። መግቢያው ላይ ወረፋ ካለ ደግሞ ወረፋውን ሰንጥቆ ወደ ግራ መግባት ጭራሽ አይታሰብ፤ በቆሙት መኪኖች መሀል የሚሽሎከለኩት ልጆች አይታዩሽም።

ባለቤትሽ አሁንም የሚስቅ ከሆነ፣ ለአንድ ሳምንት እሱ ያድርሳቸው።