«መጀመሪያ አገር» ለሚሏችሁ

ልጆቼ፣ በቀደም አንዲት የሕግ ተማሪ «ፖለቲካ ብገባ ስለ ሴቶች መብት ልሟገት ወይስ መጀመሪያ አገሩ ይስተካከል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እኔን ግን እትዬን አስታወሰኝና ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሕግ ትምህርት ሳልጀምር በአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። እትዬ የምንላቸው የቀበሌው ተመራጭ ነበሩ። ድምፃቸው ቀጭን፣ ነገራቸው ግን እንደ ሚጥሚጣ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄዳ ስለተጠለፈች የሰፈራችን ልጅ አነሱ። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ «በእርቅ አልቋል» ተብሎ ነበር።

ሊቀመንበሩ፣ «ጓድ፣ ይሄ አጀንዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ትቅደም!» አላቸው።

«ትቅደም፣ ማን ከለከላት? ሴቶቿን ጥላ ግን የት ትደርሳለች?» አሉት።

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ እንዳልሳቀ ሲያይ ግን ጸጥ አለ። ያኔ በመፈክር መቀለድ ዋጋ ያስከፍላል። እትዬ ግን ገና አልጨረሱም። «ያልኩት ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ» አሉ። አንድም ቃል ሳላስቀር ጻፍኩት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ መስመሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ውይይት ተደርጓል በይ» አለኝ። በካርቦን ሦስት ኮፒ እንደገና መታሁ። የዚያ ዘመን የአማርኛ ታይፕ አንዳንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ ያስነካል። ካርቦኑ ደግሞ ጣት ላይ ከቀረ በሳሙናም አይለቅ።

እትዬ ሊፈርሙ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «የኔ ቃል የታለ?» አሉ። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሟል፤ ዝም አልኩ። እስክሪብቶ ተቀበሉኝና ከፊርማቸው በላይ በእጃቸው «ስለ ጠለፋ የተናገርኩት አልተጻፈም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ፈረሙ። በሚቀጥለው ምርጫ ከእጩዎቹ ዝርዝር ወጡ። ጽፌው እንደነበር አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕግ ስማር የእትዬ ነገር ይበልጥ ገባኝ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስትን «ታዘዢ» ይላል። ንጉሡ ወረዱ። አብዮት መጣ፣ እኩልነት ተፎከረ፤ እሱም ሄደ። አንቀጾቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የባል ራስነት የቀረው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለልጃገረዶች 15 የነበረው የጋብቻ ዕድሜም ያኔ ወደ 18 ከፍ አለ። የጠላፊው ማምለጫ እስከ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ቆየ። እንግዲህ አገሩ እስኪስተካከል ብንጠብቅ ኖሮ አስቡት።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም አልጠበቁም። በጣሊያን ወረራ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እዚያ ሁሉ ወንድ መሀል ብቻን መቀመጥ ምን እንደሚመስል ከእትዬ አይቼዋለሁ።

ማኅበር ይዘጋል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2001 ታግዶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009) የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ ደግሞ መብት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ፤ ብዙዎቹ ሥራቸው ሽባ ሆነ። የተሻሻለ አንቀጽ ግን እንደ ቢሮ በአንድ ደብዳቤ አይታሸግም። ለዚህ ነው ሕጉ ላይ ሙጭጭ የምለው። ሕግ ብቻውን ግን ምንም አይደለም፤ ከ1996 በኋላም የተጠለፉ ልጆች ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ።

እናንተ ደግሞ አንድ ፖስት ለጥፋችሁ «ታገልን» ትላላችሁ። ኮሚቴ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ስለ አንድ ቃል መከራከር ይሰለቻችኋል። ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእትዬን ቃለ ጉባኤ ፎቶ አንስቼ እኔም እለጥፈው ነበር።

ለመወዳደር ያሰባችሁ፣ የ1992ቱ ሕግ በቀጥታ የሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ማውጣት ነበረባቸው። የክልላችሁን ፈልጉና አንብቡ፤ በተለይ የጋብቻ ዕድሜንና የጋራ ንብረት አስተዳደርን የሚመለከቱትን አንቀጾች።