የአጥንት ማዕድን ላይ ብረታ ብረት ለምን ይጨመራል?

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ፣ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው የአጥንት ማዕድን በናኖ መጠን (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚለካ ደቃቅ መጠን) ሲሠራ ዚንክ፣ ስትሮንቲየም ወይም ብር የሚጨመርበት ለምን እንደሆነ ነው። ንጹሑ ከአጥንት ጋር ከተስማማ ሌላ ነገር መጨመር ማበላሸት አይሆንም? ብርስ አይመርዝም?

መልስ፦ የራሳችን አጥንት መች ንጹሕ ሆነና! ቀመሩ 10 ካልሲየም፣ 6 ፎስፌትና 2 ሃይድሮክሳይድ ይላል። አጥንት ውስጥ ያለው ግን ካርቦኔት፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ትንሽ ዚንክም ገብቶበታል። እንዲያውም ላቦራቶሪ የሚያወጣው ንጹሑ ነው እንግዳው፤ ቶሎ አይሟሟም፣ ባክቴሪያንም አይከላከልም። ሌላ ብረታ ብረት የሚጨመርበትም ይህን ጉድለት ለማሟላት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በውሃ የሟሟ የካልሲየም ጨው ላይ የሚጨመረውን ብረታ ብረት (የዚንኩን፣ የስትሮንቲየሙን ወይም የብሩን) ጨው በልኩ ትቀላቅያለሽ፣ ከዚያ አሞኒያ እየጨመርሽ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 10 አካባቢ ይዘሽ ፎስፌቱን ጠብ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ካልሲየምና የተጨመረው ብረታ ብረት ተደምረው በአተም ቁጥር ለፎስፈረስ 1.67 እጥፍ እንዲሆኑ ነው የሚሰላው።

ዋናው ጣጣ አዮኑ (ቻርጅ የያዘው የተጨመረው አተም) የት ገባ የሚለው ነው። ስትሮንቲየም ከካልሲየም ስለሚተልቅ ክሪስታሉን ይለጥጠዋል፤ በእርግጥ ከገባ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታሉ ኤክስሬይን በየትኛው ማዕዘን እንደሚበትን በሚያሳየው ምርመራ) ላይ የግራፉ ጫፎች ወደ ዝቅተኛ ማዕዘን ሲሸሹ ታያለሽ። ዚንክ ትንሽ ስለሆነ ክሪስታሉ በደንብ እንዳያድግ ያደርገዋል። ብር ደግሞ ቻርጁ አንድ ብቻ ነው፣ የካልሲየም ሁለት ነው፣ ስለዚህ ቦታውን ሲይዝ ቻርጁ ይጎድላል፤ የተወሰነው ገጹ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። ገጹ ላይ የተለጠፈ አዮን ደግሞ መጀመሪያ ላይ በአንዴ ነው የሚለቀቀው፣ ውስጥ የገባው ግን ማዕድኑ ሲሟሟ ቀስ እያለ ይወጣል።

መርዝነቱን በተመለከተ ስጋትሽ ልክ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው ብር መጠኑ ሲበዛ አጥንት ሠሪ ሴሎችንም አይምርም። ስትሮንቲየምም ቢሆን የዋዛ አይደለም፦ ስትሮንቲየም ራኔሌት የተባለው የሚጠጣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት በልብ ላይ በሚያስከትለው አደጋ ምክንያት በ2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አውሮፓ ውስጥ አጠቃቀሙ ተገድቧል። እዛው አጥንቱ ጋ ጥቂት በጥቂት የሚለቀቅ አዮን ከዚህ ይለያል፣ ግን መጠኑን መለካት ግድ ነው።

ለሴሚናርሽ ጥናቶች ስታነቢ አንድ ነገር ፈትሺ፦ የባክቴሪያውና የሴሉ ሙከራ የተሠራው በአንድ ዓይነት ናሙናና በአንድ መጠን ነው? ካልሆነ «ባክቴሪያ ገዳይ፣ ለሴል ግን ደህና» የሚለውን ድምዳሜ አትመኚው።